አራት ባዶ መቀመጫ፦ የሐይቁ ዳር ልጆች ኅዳር ሲገባ የት ይሄዳሉ?

የ4ኛ ክፍል መምህርት
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡15

ባሕር ዳር ውስጥ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ከበሩ እስከ ጣና ሐይቅ በእግር አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ስሙን አልጠቅስም። መስከረም ላይ መዝገብ ስንከፍት ከነገደ ወይጦ ሰፈር፣ በሐይቁ ዳር በዓሣና በታንኳ ሥራ ከሚተዳደረው ማኅበረሰብ፣ የመጡ ሰባት ልጆች ክፍሌ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ስም ስጠራ «አቤት» ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። አምናም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰኔ ላይ በስማቸው ትይዩ «አቋርጧል» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ዘንድሮ እጄ እንቢ አለኝ።

ቅዳሜ ዕለት ወደ ሰፈሩ ወረድኩ። የሁለቱ ልጆች ቤት በር በገመድ ታስሯል። ጎረቤታቸው «ደንገል ፍለጋ ሄደዋል፤ እስኪደርቅላቸው እዚያው ይከርማሉ» አለችኝ፤ ደንገል ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል ነው። ሦስተኛው ልጅ ከአጎቱ ጋር ዓሣ ሲያጸዳ እንደሚውል ሰማሁ። አራተኛዋን ቤቷ አገኘኋት። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ፣ ለቱሪስት የሚሸጥ መዳፍ የምታክል ታንኳ ትሠራለች። ቱሪስቱ ግን ጦርነቱ ከገባ ወዲህ የለም። ለምን እንደቀረች ስጠይቅ እናትየዋ «ራሷን ያማታል» አለች። ቆይታ ለቡናው ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ልጅቷ ቀና ሳትል «ስነሳ ወንበሩን ይጠርጉታል» አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር። አላየሁም።

ምን ላድርግ? ደብተር እንሰብስብላቸው የሚል መልስ አልፈልግም። ደብተር አላት፤ በላስቲክ ጠቅልላ ምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች።

---

የከተማው ልጅ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡02

መምህርት፣ ልፋትዎን አከብራለሁ። ነገር ግን ሁሉንም ነገር በመናቅ ማሳበብ ልክ አይመስለኝም። ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው። ከእነሱ ጋር አብረን ስንዋኝ ነው ያደግነው። ወላጆቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን ለሥራ ይፈልጓቸዋል፤ ዓሣና ደንገል ካለ ትምህርት ምን ያደርጋል ይላሉ። ድሃ ደግሞ እነሱ ብቻ አይደሉም። እናቴ ጉልት ተቀምጣ ጎመን እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ፤ ማንም አላዘነልንም። ወንበር ጠረጉ የተባለውም የልጆች ነገር ነው፤ ልጆች እርስ በርስ የማይባባሉት የለም።

---

የደንገል ልጅ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡40

ወንድሜ፣ አብረን ዋኝተናል አልክ። ከዋናው በኋላስ ቤታችን ገብተህ ውሃ ጠጥተህ ታውቃለህ?

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነበር፤ እኔም ከነገደ ነኝ። ዛሬ በአንድ የጤና ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ እገኛለሁ፤ ስለዚህ «ትምህርት ምን ያደርጋል ይላሉ» የምትለውን በራሴ ቤት አላየሁትም። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ማታ ማታ ግን ደብተሬን ገልብጦ ይዞ «ዛሬ ስንት ገጽ ጻፍሽ?» ይለኝ ነበር። የኩራዙ ጋዝ ሲያልቅ ደግሞ ይቆጣል፤ በእኔ ሳይሆን በጋዙ።

ስለ ወንበሩ ልንገራችሁ። እኔ ላይ ወንበር አልነበረም፤ ኩባያ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ውሃ የሚሰጡበት አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ነበራቸው። ተራዬ ሲደርስ «አንቺ በእጅሽ» ይሉኝና እጄ ላይ ያፈሱልኛል። በደግነት ነበር የሚያደርጉት፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ስድስተኛ ክፍል እስክደርስ ሁሉም ሰው ላይ እንደዚያ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጉማሬው አለ። አያቶቻችን ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ እውነት ነው፤ ሥጋውን ይበሉ፣ ቆዳውን ለጅራፍና ለጋሻ ይሸጡ ነበር። እኔ ጉማሬ ያየሁት እንደ እናንተ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ከሩቅ ጆሮውን ሲያርገበግብ ነው። ሆኖም በክፍል ውስጥ ስሜ «ጉማሬ» ነበር። መምህሩም አንድ ቀን ሳያስበው ጠራኝ። ልጆቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

«የዓሣ ሽታ» የሚሉን ሰዎች ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ዓሣ ቤት ውስጥ ቦታ ጠፍቶባቸው ቆመው ይጠብቃሉ። አምባዛ እንኳን፣ ቅርፊት የለውም ተብሎ ሲጸየፉት የኖረው፣ ዛሬ ጉላሽ ሆኖ በሳህን ይመጣል። ዓሣው ከተማ ገብቷል፤ አጥማጁ ነው የቀረው።

---

ከአዲስ አበባ
ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4፡11

ይቅርታ፣ ሳላውቅ እንዳልናገር፦ «ወይጦ» ማለት ስድብ ነው ወይስ ስም? የምን ሃይማኖት ተከታዮች ናችሁ? ቋንቋችሁስ?

---

የደንገል ልጅ
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1፡20

እህቴ (ወይም ወንድሜ)፣ ጠይቀሽ መናገርሽ ደስ ብሎኛል። «ወይጦ» ብቻውን በሰው አፍ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው፤ በንግግሩ ዜማ ትለይዋለሽ። እኛ «ነገደ ወይጦ» ወይም «ነገደ» እንላለን። ቋንቋችን አማርኛ ነው። ከዚያ በፊት የራሳችን ነበረን ይባላል፤ ከጠፋ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አያቴ እንኳ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። ሙስሊሞች ነን። ድሮ በሃይማኖት ወንድሞቻችን የሆኑት ሳይቀሩ ከማዕዳቸው ያርቁን ነበር ብለው አያቶቻችን ይናገራሉ፤ ዛሬ በዚህ በኩል ብዙ ተሻሽሏል። ጋብቻ ግን አሁንም ጋብቻ ነው፤ እዚያ ላይ በሩ አልተከፈተም።

---

ጡረተኛው
ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3፡55

ልጆቼ፣ በከተማው መሬት ጉዳይ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ እዚያ ያሉት ዛሬም ባልደረቦቼ ናቸው። ነገር ግን መምህርቷ ስለ ወንበር ስትጽፍ እኔ ያሰብኩት ስለ ሌላ መቀመጫ ነው።

የድሮዋን ባሕር ዳር የሚያስታውስ ሰው ሐይቁ ዳር ማን እንደነበረ ያውቃል። ከዛሬው ሆቴል፣ ሎጅና የመናፈሻ መንገድ በፊት ሽምብጥ ሰፈርን ይዞ በዳርቻው የደንገል ጎጆዎች ነበሩ። ታንኳ የሚሠራ ሰው ከውሃ ርቆ መኖር አይችልም፤ ደንገሉ የሚሰጣው፣ ታንኳው የሚጠገነው፣ ዓሣው የሚወርደው እዚያው ነው። ከተማው ሲያድግ፣ በተለይ የክልሉ ዋና ከተማ ከሆነ በኋላ፣ የሐይቅ ዳር መሬት ዋጋው ሰማይ ነካ። ያን ጊዜ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ «የይዞታ ማስረጃ አለዎት?»

ያለው አልነበረም። ከየት ያምጣ? አያቱ እዚያ ሲኖር ማስረጃ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትም አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሮአቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። «ኑሮአቸው የተነካባቸው» የሚለው ቃል ላይ ይዞታ የሚባል ነገር የለም። በኋላ የወጡት የካሳ ሕጎች ግን፣ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161ም ጭምር፣ የሚያውቁት ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። እኛ ታች ያለነው ሠራተኞች የያዝነው ደግሞ አዋጁንና ቅጹን እንጂ ሕገ መንግሥቱን አልነበረም። ቅጹ ላይ «የይዞታ ቁጥር» የሚል ሣጥን አለ፤ ባዶ ከሆነ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በመጨረሻ «ልጄ፣ ታንኳዬን ላምጣልህ?» አሉኝ። ስቄ አሰናበትኳቸው። እስከ ዛሬ ሳስታውስ ያሳፍረኛል።

የከተማው ልጅ፣ እናትህ ጉልት ተቀምጣ አሳድጋሃለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን ለጉልቷም ለቤቷም አድራሻ ነበራት። ቀበሌው ያውቃት ነበር።

---

ሞተረኛው
ኅዳር 13፣ ከቀኑ 6፡30

እኔ ሐይቁ ላይ ነኝ፤ ባለ ሞተር ጀልባ አለን። ዘር አልቆጥርም፣ ግን ያየሁትን ልናገር።

የታንኳ ሰው ከእኛ ጋር መወዳደር አይችልም። አንድ ታንኳ ውሃ እየጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ በጥቂት ወር ውስጥ ይበሰብስና ሌላ መሥራት ያስፈልጋል። እኛ በቤንዚን ሩቅ ሄደን መረብ ዘርግተን እንመለሳለን። እነሱ ዳር ዳሩን ነው፤ ዳሩ ላይ ደግሞ ቀረሶውም ነጭ ዓሣውም አልቋል። የላስቲኩ ክር መረብ ከገባ ወዲህ ጫጩቱ ሳይቀር ነው የሚወጣው። ይህን የምጽፈው እኔም ስለተጠቀምኩበት ነው።

ደንገሉም እንደዚያው። ውሃው እንደ ልቡ ሲሞላና ሲጎድል ዳርቻው ይለመልም ነበር። በ1988 አባይ መውጫው ላይ የጨራ ጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ከተሠራ በኋላ የውሃው ልክ ተለወጠ። በ1995 ክረምት ከመግባቱ በፊት ሐይቁ እንዴት እንደ ጎደለ የማያስታውስ ጀልባ ነጂ የለም፤ ድንጋዩ ሁሉ ወጥቶ መንገድ ጠፍቶን ነበር። ገበሬው ደግሞ ውሃው የሸሸበትን ጭቃ እያረሰ ደንገሉን ነቀለ። እምቦጩን አታንሱት፤ እሱ የደምቢያና የፎገራ ወገኖቻችን እንባ ነው፤ የእኛን ዳር ገና በደንብ አልያዘውም። ብቻ ደንገል ፍለጋ ሩቅ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ድሮ ከቤት በር ላይ ይታጨድ ነበር። አሁን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሄድና ያጭዳል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ እዚያው ያስራል። ልጁን ለማን ትቶት ይሂድ?

መምህርት፣ እነዚያ ሁለቱ ልጆች ስላልፈለጉ አይደለም የቀሩት።

---

የከተማው ልጅ
ኅዳር 13፣ ከቀኑ 8፡10

ጡረተኛው ጋሼ፣ እናቴን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ፤ አስበውም አላውቅም ነበር፤ እውነት ነው፣ የቀበሌ መታወቂያ ነበራት፤ ብድርም ያገኘችው በሱ ነው።

በአንድ ነገር ግን አሁንም አልስማማም። ለእነሱ ብቻ ተብሎ የተለየ ነገር ቢደረግ ሌላው ድሃ ምን ይላል? ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ፣ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ሰው ቤት የተቀጠረችው ልጅስ? መንደር ለመንደር ልንከፋፈል ነው?

---

ሕግ ተማሪ
ኅዳር 13፣ ከቀኑ 9፡45

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «የተለየ» የሚለው ቃል ያሳስታል። በክልሉ ውስጥ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ የራሳቸው የብሔረሰብ ዞን አላቸው፤ በምክር ቤት የሚናገርላቸው ሰው አላቸው። ነገደ ወይጦ በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ስለሆነና በሐይቁ ዙሪያ ተበታትኖ ስለሚኖር እንደዚያ ያለ መዋቅር የለውም። ስንት እንደሆኑ በትክክል ለማወቅ እንኳን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። የዛሬ አራተኛ ክፍል ልጅ ያኔ አልተወለደም። የተለየ አስተዳደር ይሰጣቸው እያልኩ አይደለም፤ ብቻ የበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ ያልተጻፈ ሕፃን በጀት አያገኝም።

ስለ ቆሎ ተማሪውና ስለ ሠራተኛዋ ልጅ ያነሳኸው ልክ ነው፤ ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እንጨቃጨቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ለሁሉም ሕፃን ነው። እዚያ ላይ መጀመሪያ ከተጻፉት መብቶች አንዱ ስምና ዜግነት ማግኘት ነው። «ጉማሬ» የዚያ ዓይነት ስም አይመስለኝም።

---

መዝጋቢዋ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 1፡05

እኔ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ ነው የምሠራው። ብዙ ከማውራት አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ካለፈም በዘገየ ምዝገባ ይመዘገባል። ምዝገባው አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። እኔ ወዳለሁበት መስኮት ከዚያ ሰፈር የሚመጡ እናቶች ጥቂት ናቸው። የሚመጡትም ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ለፈተና ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። ያን ጊዜ የአባት መታወቂያ፣ የቤት ቁጥር፣ ምስክር... አንዱ ይጎድላል። አንዲት እናት ሦስት ቀን ተመላልሳ በአራተኛው አልመጣችም። ለሷ ሦስት ቀን ማለት ሦስት ሙዳይ ሳይሰፋ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስም ሲያስመዘግቡ የአያቱን ስም የሚለውጡ አሉ፤ ከየት እንደመጡ እንዳይታወቅባቸው። አልከለክላቸውም። ሥራዬ መጻፍ ነው። ግን እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

---

የደንገል ልጅ
ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡30

የእኔ ወንድም እንደዚያ አደረገ። አሁን ሌላ ከተማ ነው፤ ሠርጉ ላይ አልተጠራንም። አልቀየምነውም። እናቴ ብቻ ሠርጉ የዋለ ቀን ቡና ሳታፈላ ዋለች።

መምህርት፣ የጠየቁት «ምን ላድርግ» ነው፤ ብዙ አወራን። ስለዚህ ከራሴ ልምድ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው፣ ደንገል የሄዱትን ልጆች «አቋርጧል» አትበሏቸው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ከመሄዳችን በፊት የሦስት ሳምንት ትምህርት በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ ስመለስ ፈተናውን ለብቻዬ ፈተነኝ። ሌላ ምንም አላደረገም። ለኔ ያ ወረቀት ነው ኮሌጅ ያደረሰኝ። ሁለተኛው፣ ልጅቷን ወደ ፊት አውጥታችሁ «ሁላችንም እኩል ነን» የሚል ንግግር እንዳታደርጉ። ይህ ደርሶብኛል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

---

የ4ኛ ክፍል መምህርት
ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 12፡50

እንቅልፍ አጥቼ አነበብኳችሁ። ንግግሩን አዘጋጅቼ ነበር። ቀደድኩት።

---

ሞተረኛው
ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ 2፡00

አንድ ወረቀት ከሆነ የምንወስደው፣ ደንገል ወዳለበት አካባቢ ሰኞና ሐሙስ እናልፋለን። ቤንዚኑ ለማንኛውም ይቃጠላል። ለመምህርት የት እንደምገኝ በመልእክት ጽፌላቸዋለሁ።

---

የ4ኛ ክፍል መምህርት
ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 2፡40

ለጠየቃችሁኝ፦

መቀመጫውን በየሳምንቱ በዕጣ አደረግኩት፤ ለሁሉም። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። ልጆቹ ወደዱት፤ ዕጣ ይወዳሉ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት መጥታ «ልጄን ከማን ጋር ነው ያስቀመጥሽው?» አለችኝ። «ዕጣው ነው» አልኳት። ርእሰ መምህሩ ጋ ገባች። እሱም ጠርቶኝ «ነገር አታባብሺ» አለኝ። ዕጣው ግን ቀጥሏል፤ እስኪከለክለኝ ድረስ አላቆምም። ወንበር መጥረጉ ቆሟል ብዬ አልዋሽም፤ ቀንሷል። ትናንት አንዱ ሊጠርግ ሲነሳ ጎኑ የተቀመጠው ልጅ «ነገ አንተም ዕጣ ሊደርስህ ይችላል» አለው። የኔ ትምህርት አልነበረም፤ የራሱ ስሌት ነው።

ልጅቷ ተመልሳለች። ደንገል የሄዱት ሁለቱ ወረቀታቸው ደርሷቸዋል፤ አንዱ የሂሳቡን ሠርቶ በሞተረኛው እጅ ልኮልኛል፤ ወረቀቱ ውሃ ነክቶት ሁለት ጥያቄ አይነበብም፤ ሙሉ ሰጠሁት። ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ አልመጣም። አጎቱን አነጋገርኩት። «በቀን የሚያመጣውን ስጪኝና ይምጣ» አለኝ። መልስ አጣሁ፤ አሁንም የለኝም።

መዝጋቢዋ ደግሞ ያሰበችው አለ፤ እሷ ትጻፈው።

---

መዝጋቢዋ
ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 3፡15

ኃላፊዬን አስፈቅጄ የሚቀጥለው ቅዳሜ መዝገቡን ይዤ ወደ ሰፈሩ እወርዳለሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነኝ። የአባት ወይም የእናት መታወቂያ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ልጁን የሚያውቁ ምስክሮች ይዞ ይምጣ። ጡረተኛው ጋሼ ቅጹን በመሙላት ሊረዱኝ እሺ ብለዋል።

---

ጡረተኛው
ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 3፡30

እመጣለሁ። የራሴን ወንበርም ይዤ እመጣለሁ።

---

የደንገል ልጅ
ኅዳር 24፣ ከምሽቱ 3፡52

እህቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት አይሆንም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እናቶቹ በሙሉ ስፌታቸውን ይዘው ከንጋቱ ጀምሮ ገበያ ላይ ናቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አድርጊው። ጋሼ፣ ወንበር አያምጡ፤ የምትቀመጡበት እኛ ዘንድ አለ። ቡናውም አለ።